የስምንት ቁጥሩ ዝምታ

ቶሎ የምናደድ ልጅ መሆኔን እናቴም፣ ወንድሞቼም፣ የወጣት ማዕከሉ የኪነት ቡድንም ያውቃሉ። ይህን ስታነቡ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ግድ የለም። የማጫውታችሁ በዕድሜዬ ከሁሉ አብልጬ ስለ ተናደድሁባቸው ሁለት ቀናት ነው።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ቤዛ እባላለሁ፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ተወልጄ እዚያው ያደግሁ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን አልጋ ላይ ጥዬ ማሲንቆዬን ይዤ የምሮጥ ልጅ ነበርሁ። ሴት ልጅ ማሲንቆ ይዛ ባጃጅ ስትገባ ሾፌሩ በመስተዋት እያየ "የወንድምሽ ነው?" ይላታል። የራሴ ነው ስትለው ደግሞ እስቲ እስክንደርስ አንድ ነገር በይበት ይላል። ይህ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ ይቆየን።

ቡድናችን አራት ሰው ነበር። ክራር የሚመታው አብርሃም መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ክራሩንም የሚቃኘው በስልክ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለችው መርፌ መሀል ላይ ካልቆመች የገዛ ጆሮውን አያምንም። ዋሽንት የሚነፋው ደሳለኝ ባጃጅ ይነዳል፤ ልምምድ ላይ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ጎማ ነው። የደብረ ታቦር ድንጋይ ሁሉ የደሳለኝን ጎማ ብቻ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። አራተኛዋ ከበሮ መቺዋ ጥሩዬ ናት። ጥሩዬ ከሁላችንም ትበልጣለች። የገሳይ ገጠር ልጅ ናት፤ ቤይሩት ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ አሁን እኛ ሰፈር ዳቦ ቤት ትሠራለች። ታላቄ ስለሆነች እታለም ነው የምላት። ወሬ አታበዛም። ከበሮ ስትመታ ግን ከበሮውን አታይም፤ ዓይኗን ሰው ፊት ላይ ትተክላለች። እስክሳሳት የምትጠብቅ ስለሚመስለኝ ያ ዓይኗ ደስ አይለኝም ነበር።

መሪያችንን ማንም አልመረጠም። መሪዋ ግን እኔ ነበርሁ።

አሁን ወደ ጋሽ ውብነህ ልምጣ። ጋሽ ውብነህ የማሲንቆ ሰው ናቸው፤ የእኛው አገር ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ የተጫወቱ፣ ባሕር ማዶም በየመድረኩ የወጡ። አንድ የእሳቸው የድምፅ ቅጂ በቴሌግራም ደርሶኝ ነበር። ምስል የለውም። የሆነ አዳራሽ ውስጥ በከበሮ ታጅበው ሲጫወቱ አንድ የማላውቀው ሰው በስልኩ የቀዳው ነው። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም፤ እናቴ ግን ዕቃ ስታጥብ ሳታውቀው ታንጎራጉረው ጀምራ ነበር።

የዚያ ቅጂ መሀሉ ላይ አንድ ነገር አለ። ዜማው እየጋለ እየጋለ ይሄድና ድንገት ጸጥ ይላል። ማሲንቆውም ከበሮውም ይቆማሉ። ብትቆጥሩ እስከ ስምንት ድረስ ነው። በመሀል አንድ ሰው ሲስል ይሰማል፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ማሲንቆው ይመለሳል፤ ሲመለስም ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሰውነቴን ወረረኝ። ሌላው ሰው ድምፅ ይጫወታል፣ እሳቸው ዝምታ ይጫወታሉ ብዬ ለአብርሃም ነገርሁት። አብርሃምም ራሱን ነቀነቀ።

ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ያንን ዝምታ ተለማመድን።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከዝምታው በኋላ ድምፁ ከፍ ስለሚል አብርሃም በስምንት ቁጥር ውስጥ የክራሩን ክሮች በሙሉ እኩል ከፍ ማድረግ ነበረበት። የጣቱ ቆዳ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር። ደሳለኝ ዋሽንት አንዴ ከተበሳ እንደ ክራር አይጠብቅም አይላላም ብሎ ቢከራከረኝ ሁለት ዋሽንት እንዲይዝ አደረግሁት፤ በዝምታው ሰዓት አንዱን ከአፉ አውርዶ ሁለተኛውን ከጃኬቱ ውስጥ መዥረጥ ያደርጋል። ሳሉንስ ማን ይሳለው ብሎ ስለቀለደብኝ ሦስት ቀን አላናገርሁትም።

የጥሩዬ ሥራ ከሁላችን የቀለለ ነበር፤ ማቆም ብቻ ነው። እጇን ከከበሮው ላይ አንሥታ እኔ ስምንት እስክቆጥር መቀመጥ። እሷ ግን ይህን አልቻለችም። እኛ ጸጥ ስንል የእሷ ከበሮ ዱም፣ ዱም እያለ ይቀጥላል። ድምፁን ዝቅ ታደርገዋለች፣ ለስለስ ታደርገዋለች፤ አታቆመውም። እንደገና እናስጀምራለን፣ እንደገና ያው ነው። በእጄ ምልክት ሰጠኋት። በእግሬ መታሁላት። አንድ ቀን ሄጄ እጇን ያዝሁት፤ በሌላው እጇ ቀጠለች። ምን ነካሽ ስላት "ማሲንቆው ሲጠፋ እጄ እምቢ ይለኛል" ትላለች። በእኛ አገር ሰርግ እኮ ብላም ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ እዚህ ሰርግ አይደለም፣ መድረክ ነው ብዬ አቋረጥኋት።

እንዲህ እየተነታረክን ሳለ የማዕከሉ ኃላፊ መጥተው ወሬውን ነገሩን። አዲሱ አዳራሽ አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመረቃል፤ ጋሽ ውብነህም እህታቸውን ሊጠይቁ እዚህ ስለመጡ በምረቃው ላይ ከእኛ ጋር ሊጫወቱ እሺ ብለዋል። ሐሙስ መጥተው ልምምዳችንን ያያሉ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጋሽ ውብነህ አጠገብ ተቀምጬ ማሲንቆ መምታት። ወንበሩ ሳይቀር ይታየኝ ነበር፤ እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ። ያ ዝምታ ሲመጣም ሁለታችን እኩል ደጋናችንን ስናነሣ ይታየኛል። ከዚያ ግን ዱም፣ ዱም የሚለው ከበሮ ይመጣና ሕልሜን ያፈርሰዋል።

ማክሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርን። አላቆመችም። ማሲንቆዬን መሬት አስቀመጥሁና "እታለም፣ አርብ ባትመጪ ይሻላል" አልኋት።

አብርሃም ክራሩን ማየት ጀመረ። ደሳለኝ ጎማ የሚፈትሽ ይመስል ወደ ውጭ ወጣ። ጥሩዬ ከበሮውን ጥግ አስይዛ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ እንግዲያው እናቷ ውቂያ ላይ ስለሆነች ዳቦ ቤቱን አስፈቅዳ ገሳይ እንደምትሄድ ነገረችን። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ማለቷ ራሱ አናደደኝ። ማቆም ሲገባት የማታቆም፣ መናገር ሲገባት ዝም የምትል ብዬ እስከ ቤቴ እየተብከነከንሁ ሄድሁ።

ለከበሮው መላ ያመጣው አብርሃም ነው። የከበሮ ድምፅ በስልኩ ቀድቶ፣ ስምንቷን ቁጥር ቆርጦ ጸጥ አድርጎ፣ በድምፅ ማጉያ አገናኘው። እንዳልነው የሚመታ፣ እንዳልነው የሚቆም ከበሮ። ከጥሩዬ ይህ ስልክ በስንት ጣዕሙ አልሁ። አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ውብነህ መጡ። እኔ በሱፍ ልብስና በከረባት ጠብቄያቸው ነበር፤ ወፍራም ሹራብ የለበሱ፣ ማሲንቋቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ያቀፉ አጭር ሽማግሌ ገቡ። ተነሥተን እጅ ነሣን። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ጠየቁና ተቀመጡ። በመጀመሪያ እናንተን ልስማ አሉ።

ጀመርን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን ተጫውተን አናውቅም። ስልኩ ይደልቃል፣ አብርሃም ላብ በላብ ሆኗል፣ ደሳለኝ እንኳ በሰዓቱ ገብቷል። ዝምታው ጋ ደረስንና ቆምን፤ ስልኩም ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አብርሃም መቃኛዎቹን ያሽከረክራል። ደሳለኝ አንዱን ዋሽንት አውርዶ ሌላውን ከጃኬቱ ሲመዝዝ የመጀመሪያው ከእጁ አመለጠው፤ በዚያ ሁሉ ጸጥታ ውስጥ ዋሽንቱ እየተንከባለለ ሄዶ ጋሽ ውብነህ እግር ሥር ቆመ። ጎንበስ ብለው አነሡት።

"ምነው ቆማችሁ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ዝምታው ነው" አልሁ፤ ቁጥሬ ስለጠፋብኝ እየተናደድሁ።

"የምን ዝምታ?"

"የእርስዎ።"

ሊገባቸው አልቻለም። ስልኬን አውጥቼ ቅጂውን ከፈትሁላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ፤ ፈገግ አሉ፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ጸጥታው ሲመጣ ጣታቸው ቆመ። ሳሉ ተሰማ።

"የሳልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰው ሲያፍር ምን ያደርጋል፤ ይስላል።"

ከዚያ ነገሩን አስረዱን። የማሲንቋቸው መቃኛ ላልቶ ነበር፤ በዜማው መሀል ከቦታው ተንሸራተተና የፈረስ ጭራው ክር ረገበ። ጭራው የረገበ ማሲንቆ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው፣ ምንም አይልም። በጥድፊያ መልሰው ሲያጠብቁት ከልኩ አለፈ፤ ድምፁ ከፍ ያለውም ለዚህ ነው። አብርሃም በፕላስተር የተጠቀለሉ ጣቶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ጣቶቹን አየ።

"እኔ ያፈርሁባትን ቦታ ነው ሦስት ወር የተለማመዳችኋት?" አሉ ጋሽ ውብነህ።

ደሳለኝ በሳቅ ወንበር ያዘ። እኔ ግን ፊቴ እየነደደ፣ መሸነፍም አልወድም፣ ከበሮ መቺውም አብሮ ቆሟል እኮ አልኋቸው።

"የገደለኝስ እሱ አይደል?" አሉ። ማሲንቆው ቢጠፋም ከበሮው ቢቀጥል ኖሮ ሕዝቡ እያጨበጨበ ይቆይላቸው እንደነበር፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ተመልሰው ይገቡ እንደነበር ነገሩን። ከበሮው ሲቆም ግን የአዳራሹ ዓይን ሁሉ እሳቸው እጅ ላይ ወደቀ።

ይህን ጊዜ አብርሃም፣ አፉ አያርፍምና፣ እኛም አንዲት ከበሮ መቺ ነበረችን፣ እዚያ ቦታ ላይ አላቆም ብላ ነው የተባረረችው አላቸው።

"ማን አባረራት?"

አብርሃምና ደሳለኝ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

ጋሽ ውብነህ አልተቆጡኝም። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ሁለቱ ጣቶች በብርድ ጊዜ እየደረቁ አልታዘዝ እንደሚሏቸው፣ የደብረ ታቦርን ብርድ ደግሞ እኛው እንደምናውቀው ነገሩን። ከዚያ ስልኩን በአገጫቸው አመለከቱ።

"ይሄ እኔ ብወድቅ ዘወር ብሎ አያየኝም። ነገ ልጅቷ ካለች እጫወታለሁ። ከሌለች ከሕዝቡ ጋር ተቀምጬ አጨበጭብላችኋለሁ።"

ማሲንቋቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ።

የዚያን ዕለት የተናደድሁትን ንዴት በምን ልንገራችሁ። በመቃኛው ተናደድሁ፤ ቅጂውን በቀዳው ሰው ተናደድሁ። በጋሽ ውብነህም ተናደድሁ፤ ትልቅ ሰው መቃኛውን ሳያጠብቅ መድረክ ይወጣል? ከሁሉም በላይ ግን የተናደድሁት በጥሩዬ ነው። ትክክል ከነበረች ለምን ትክክል መሆኗን አልነገረችኝም? ስልኳ ላይ ብደውል ዝግ ነው። እናቷ መንደር መብራት የለም፤ ስልኳ ባትሪ ከጨረሰ ከተማ እስክትመለስ አይከፈትም።

አርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ቀረሁ። መናኸሪያ ሄጄ የገሳይ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ብቻዬን ነበርሁ። በጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ይመጣል እንጂ ማን ከከተማ ይወጣል? ረዳቱ "ሞልቷል፣ ገባ ገባ" እያለ ይጮኻል፤ የሞላነው እኔና አንድ ጆንያ ነን። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ሰው ይወርዳል። አንዲት ሴትዮ ከነዶሮዋ ገብታ፣ ዶሮዋ ስትንጫጫ ሐሳቧን ቀይራ ወረደች። ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደዚያን ቀን ደክሞኝ አያውቅም። ስንነሣ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

ገሳይ ወርጄ የጥሩዬን እናት ቤት እየጠየቅሁ በገብስ ቃርሚያ መሀል ሄድሁ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ "እዚችው ናት" ይላል፤ እዚችው የሚባለው ቦታ ሁለት ወንዝ ማዶ ነበር። ጫማዬ ሌላ ጫማ ሆነ።

አውድማው ላይ አገኘኋት። በሬዎቹ ነዶው ላይ ይዞራሉ፣ ጥሩዬ መንሽ ይዛ ጭዱን ታገላብጣለች፣ እናቷ ከዳር ቆመው ያዛሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው እማማ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ልጄን ከበሮ አትችልም ያልሻት አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማማ።"

"እሷን እኮ ሰው ከሦስት ወንዝ ማዶ ለሰርጉ ይጠራታል" አሉ። ቀጥለውም፣ ይህ ነዶ ሳይወቃ ልጃቸው የትም እንደማትሄድ፣ ከቸኮልሁም በትሩ እዚያ እንዳለ አሳዩኝ።

እንዲህ ሆኖ የአዳራሽ ምረቃ ባለበት ቀን፣ ማሲንቆ ልትመታ ጸጉሯን የተሠራች የከተማ ልጅ፣ ገሳይ አውድማ ላይ ከበሬ ኋላ ስትዞር ዋለች። በሬዎቹ ይንቁኛል። ሂድ ስላቸው ይቆማሉ። አንዱ ቆሞ ገብስ ይበላል፤ ብመታው ዘወር ብሎ አየኝና መብላቱን ቀጠለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። እኔ ሰዓት አያለሁ፣ ጥሩዬ ጭዷን ታገላብጣለች። በመጨረሻ አላስቻለኝም።

"ለምንድን ነው የማታቆሚው? እስቲ ንገሪኝ" አልኋት።

መንሹን ተደግፋ ቆመች።

"በሰርግ አውራጇ ግጥም ይጠፋባታል" አለች። "የፈለገች ጎበዝ ብትሆን ይጠፋባታል። ከበሮ የያዘችው ፊቷን ታያለች። እንደጠፋባት ካወቀች ለስለስ አድርጋ ትቀጥላለች፤ ሰዉም ያጨበጭባል፣ እስክታገኘው። ከበሮው ከቆመ ግን ጉዷ ወጣ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ።"

"እኔ ግን አልጠፋብኝም ነበር" አልሁ።

"እኔ የጠፋብሽ ነበር የሚመስለኝ። አውቄ ነው የማቆመው ስትይኝ ደግሞ፣ ሐፍረቷን መሸፈኗ ነው እል ነበር። ልጅ አይደለሽ።"

"ሦስት ወር ሙሉ?"

"ሦስት ወር ሙሉ አዘንሁልሽ።"

በሬው ቆሞ እየበላ ነው። አልነዳሁትም። እኔ ሦስት ወር ሙሉ እንደ ጠላት ያየኋት ሴት፣ በዚያው ሦስት ወር ውስጥ ልምምድ በመጣሁ ቁጥር እኔን ከውርደት ልታድን ስትደክም ኖራለች። እጇን ስይዘው በሌላው እጇ የቀጠለችውም ለዚያ ነው። ያ ፊቴ ላይ የተተከለው ዓይኗም ጠባቂዬ ነበር።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እታለም" አልሁ። ጋሽ ውብነህ ያሉትንም ነገርኋት። አዳመጠችኝና ወደ እናቷ ዞረች።

"እኔስ ከሳቸው ጋር መምታት የማልፈልግ መሰለሽ?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለእናቴ ነግሬያት ነበር። ስመለስ ምን እንዳልኋት አታውቂም።"

እማማ ሰምተዋል። በትሩን ከእጄ ወሰዱና፣ በሬው ገብሱን በልቶ ሳይጠግብ እንድንሄድላቸው ነገሩን። በትሩን ሲያነሡበት ብቻ ያ በሬ ሄደ።

ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። በጠዋት ባዶ የነበሩት ናቸው። ድንች የጫነ አይሱዙ አንሥቶን ጋቢና ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ሆነን ተጣብበን መጣን። አዳራሹ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ንግግር ያልቅ ይሆን ብዬ የፈራሁት ከንቱ ነበር፤ በእኛ አገር ንግግር መቼ በሰዓቱ አልቆ ያውቃል።

ጋሽ ውብነህ እንዳሉት ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠዋል፤ ማሲንቋቸው በጋቢ እንደተጠቀለለ ጉልበታቸው ላይ ነው። ጥሩዬን አዩአት። ጸጉሯ ላይ ጭድ አለ፣ እግሯ አቧራ ነው። ምንም ሳይጠይቁ ተነሡና ጋቢውን ፈቱ።

መድረክ ላይ ወንበር ተደረደረ። እሳቸው ተቀመጡ። እኔ ወንበሬን ይዤ በግራቸው በኩል ስጠጋ በደጋናቸው ከለከሉኝ።

"አጠገቤ እሷ። አንቺ ከእሷ ማዶ" አሉ። እኔ ዜማውን እንዳልመታው፣ እሳቸው ሲጠሩኝ ብቻ አንዲት ድምፅ እንድሰጥ አዘዙኝ።

አንዲት ድምፅ። ሦስት ወር የለፋሁት፣ ከበሬ ኋላ የዞርሁት ለአንዲት ድምፅ ነው። ዕንባዬ መጣ፤ ግን መጋረጃው ተከፍቶ ነበር።

ጀመሩ። እኛ የምናውቀውን ዜማ አልጀመሩም፣ ሌላም አልነበረም፤ በዚያው ዙሪያ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሰዉን ያያሉ፣ ደስ ያላቸው ቦታ ላይ ይደጋግማሉ። ማሲንቋቸውን የቃኙት በዚያ ቀን ድምፃቸው ስለነበር የአብርሃም ስልክ የሚለው ሌላ፣ እሳቸው የሚሉት ሌላ ሆነ። አብርሃም መርፌዋን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከቶ በጆሮው መቃኘት ጀመረ። ከሁለቱም ዋሽንቶች አንዱም አልገጠመም። ደሳለኝ አስቀመጣቸውና ተነሥቶ እስክስታ ወረደ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ያን ሰውዬ ለምን ዋሽንት እንዳስነፋነው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ደግሞ የት እንዳለሁ ጠፋብኝ። እውነተኛ መጥፋት። ጋሽ ውብነህ ወደኔ ዞረው በደጋናቸው ጠሩኝ፤ የምሰጣት ድምፅ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ቀና ስል የጥሩዬ ዓይን ፊቴ ላይ ነው። ከበሮው ለስለስ አለ። አልቆመም። ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው፣ ማንም ምንም አላወቀም፤ በዚያ ከበሮ ላይ ተቀምጬ ጊዜ ነበረኝ፣ ረጅም ጊዜ። ድምፅዋን አገኘኋትና ሰጠሁ። ጋሽ ውብነህ ተቀበሉኝና ይዘዋት ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንዲት ድምፅ ናት። ሰባት ጊዜ ጠሩኝ፣ ሰባቱንም ሰጠሁ።

ሲያልቅ ማሲንቋቸውን እየጠቀለሉ፣ እጅሽ ደህና ነው፣ ጆሮሽ ግን ገና ልጅ ነው አሉኝ። ጆሮ በምን እንደሚያድግ ጠየቅኋቸው።

"ሰው በማየት" አሉ። ለጥሩዬ ግን ምንም አላሏትም፤ በሁለት እጃቸው እጇን ይዘው ጎንበስ አሉላት። ለእኛ ለሦስታችን ማንም እንደዚያ ጎንበስ አላለም፣ ተገቢም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ካላችሁኝ፣ መናደዴ አልቀረም። ትናንትም ተናድጃለሁ። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ድሮ እናደድና ከዚያ አልጠይቅም ነበር። አሁን አንድ ሰው ያንኑ ስሕተት ደግሞ ደጋግሞ ሲሠራ ካየሁ፣ ይህ ሰው የማላውቀውን ምን ያውቅ ይሆን እላለሁ። ለምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ አላቋርጥም። ይህ ሁለተኛው እንዴት ከባድ እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት። እናንተም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት፣ አልቆም ብላ ያስቸገረቻችሁ አንዲት ከበሮ መቺ አትጠፋም።

ባለፈው ሳምንት አብርሃም አንዷን ክር ደጋግሞ ዝቅ አድርጎ ይመታ ነበር። አንድ ቀን ታገሥሁት፣ ሁለት ቀን ታገሥሁት። በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ ያቺን ክር ለምን ዝቅ እንደሚያደርጋት ጠየቅሁት። አንድ ትልቅ ምሥጢር ሊነግረኝ ነው ብዬ ደብተርም ይዤ ነበር።

አብርሃም ክራሩን አየ፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"እንዴ፣ ዝቅ ብላለች እንዴ?" አለ።

በደንብ አድርጌ ተናደድሁበት። ጥሩዬ ከሳቋ የተነሣ ከበሮውን አቆመች።